ስለ ዕረፍትና ስለሚያሳርፈን ሰው

የሰውን ጠባይ ለማወቅ የሚፈልጉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚመለከቱት ሥራውን ነው። እኔ ግን የሚያርፍበትን ሰዓት መመልከት ይበልጣል እላለሁ። ሰው በሥራው ሰዓት አለቃው ያየዋል፤ ደንብ ያስረዋል፤ የወር ደመወዙም ያስፈራዋል። ስለዚህ መልካም ሆኖ ቢታይ፣ መልካምነቱ ከልቡ የመነጨ ይሁን ወይም ከፍርሃት የመጣ ይሁን ለመለየት ያስቸግራል። ባረፈ ጊዜ ግን አዛዥ እንጂ ታዛዥ አይደለም። ገንዘቡን ከፍሎ ተቀምጧል፤ የሚያገለግለውም ሰው ክፉ ቃል ቢናገረው መልሶ ሊናገረው አይደፍርም። እንግዲህ ያን ጊዜ የሚታየው ጠባይ የገዛ ራሱ ጠባይ ነው።

ዛሬ ለወጣቶች አንባቢዎቼ የማቀርበው ጥያቄም ከዚሁ የሚነሣ ነው። ይኸውም፣ የእኔ ዕረፍት በሌላ ሰው ድካም የተገኘ እንደ ሆነ ለዚያ ሰው ምን ዕዳ አለብኝ? ዋጋውን ከፍዬ ከጨረስሁ በኋላስ የሚቀርብኝ ነገር አለን? ለዚህ ጥያቄ ምሳሌ የማደርገው በዘመናችን በታላላቅ መርከቦች ላይ ከቤተሰብ ጋራ የሚደረገውን የባሕር ሽርሽር ነው። አገራችን የባሕር በር የሌላት ስለ ሆነች ነገሩ ለብዙዎቻችሁ ሩቅ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ነገር ግን እስከ መጨረሻው ከታገሣችሁኝ፣ መርከቡ ከእያንዳንዳችን ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ እንደሚገኝ አሳያችኋለሁ።

መርከብ ቀድሞ ሰውን ካንድ አገር ወደ ሌላ አገር ማድረሻ ብቻ ነበር። የተሳፈረ ሰው የሚናፍቀው የሚወርድበትን ቀን ነበር እንጂ በባሕር ላይ መቆየትን የሚመኝ አልነበረም። በ1891 ዓመተ ምሕረት (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በጀርመን አገር በሐምቡርግ የመርከብ ኩባንያ ሹም የነበረው አልበርት ባሊን አንድ አዲስ ሐሳብ አመጣ። አውጉስታ ቪክቶሪያ የተባለችው መርከብ በክረምቱ ብርድ የሚሳፈርባት ሰው እያነሰ ኪሣራ ታመጣ ስለ ነበር፣ ባለጸጎችን አሳፍራ በሜዲትራኒያን ባሕር ዞራ እንድትመለስ አደረገ። ነገሩ ስለ ሠመረለት በ1900 ፕሪንሰሲን ቪክቶሪያ ሉዊዘ የተባለች፣ ለሽርሽር ብቻ ታስባ የተሠራች መርከብ ወደ ባሕር ወረደች። እርስዋም በ1906 በጃማይካ ጠረፍ መሬት ነክታ ተሰበረች፤ ሐሳቡ ግን አልተሰበረም።

ከዚህ በኋላ በ1958 ጄት አውሮፕላን መንገደኞችን ይዞ አትላንቲክን መሻገር ጀመረ። ብዙ ቀን ይፈጅ የነበረው መንገድ በሰዓት የሚቈጠር ሆነ። ታላላቆቹ መርከቦችም መንገደኛ እያጡ ሄዱ። ሰው ግን የጠፋውን ነገር ለሌላ ጥቅም ማዋል ያውቅበታልና፣ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከአሜሪካ ከማያሚ ወደብ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች የሚመላለሱ የሽርሽር መርከቦች በረከቱ። መርከብ ማድረሻ መሆኑ ቀርቶ ራሱ መድረሻ ሆነ።

አሁን የደረሰበትን ለመረዳት በጥር ወር 2024 ከማያሚ የመጀመሪያ ጉዞዋን ያደረገችውን አይከን ኦፍ ዘ ሲስ የተባለችውን መርከብ መመልከት ይበቃል። በፊንላንድ አገር በቱርኩ ከተማ ተሠርታ ሥራ ስትጀምር ከዓለም የመንገደኛ መርከቦች ሁሉ ትልቋ ነበረች። ርዝመቷ 365 ሜትር ያህል፣ ደርቧ 20 ነው። በውስጧ ሰባት የመዋኛ ገንዳዎች አሉ። እስከ 7,600 የሚደርሱ እንግዶች ልትይዝ ትችላለች፤ የሚያገለግሏቸውም ሠራተኞች 2,350 ናቸው። እንግዲህ መርከቢቱ በሞላች ጊዜ ለሦስት እንግዶች አንድ አገልጋይ ያህል ይደርሳል ማለት ነው። ጥንት ይህን የመሰለ አገልግሎት የሚያገኙ መሳፍንት ብቻ ነበሩ። ዛሬ ግን አውቶቡስ የሚነዳና በሆስፒታል የሚሠራ ሰው ገንዘቡን አጠራቅሞ ለሰባት ቀን እንደ መስፍን ሊኖር ይችላል።

ይህን የምናገረው ለመንቀፍ አይደለም። የነገሩን መልካም ጎን ደብቆ ክፉውን ብቻ የሚያወራ ሰው ፈራጅ ሳይሆን ከሳሽ ነው። በዘመናችን ቤተሰብ ተበታትኖ ይኖራል። አባት በአንድ ሰዓት እናት በሌላ ሰዓት ይሠራሉ፤ ልጆቹ በየክፍላቸው ተዘግተው ስልካቸውን ይመለከታሉ፤ አያት ለብቻዋ ትቀመጣለች። በመርከቡ ላይ ግን ሦስት ትውልድ በአንድ ገበታ ይሰበሰባል። መራመድ የተሳናቸው አዛውንት ሻንጣ ሳይሸከሙ፣ ደረጃ ሳይወጡ አገር ያያሉ። እናት ለሰባት ቀን ሙሉ ምድጃ አጠገብ አትቆምም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እኔም ይህን አይቻለሁ። ነዋሪነቴ በአሜሪካ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን፣ ከአገር ቤት መጥታ ከእኛ ጋራ የከረመችውን እናቴንም ይዤ በአንድ ታላቅ መርከብ ላይ ሰባት ቀን ቆየሁ። እናቴ ከዚያ በፊት ያየችው ትልቁ ውኃ የጣና ሐይቅ ነበር። በመጀመሪያው ምሽት ወደ ሰገነቱ ወጥታ ባሕሩን ረዥም ጊዜ ስትመለከት ቆየችና፣ «ይህ ሁሉ ውኃ ለማን ነው?» አለችኝ። መልስ አላገኘሁላትም።

ክፍላችንን የሚያሰናዳው ሠራተኛ የፊሊፒን ሰው ነበር። በገባን በመጀመሪያው ሰዓት የአምስታችንንም ስም አጠና። በየማታው ልጆቹን ለማስደሰት ፎጣውን እያጠፈ የዝሆንና የዝንጀሮ መልክ ሠርቶ አልጋቸው ላይ ያስቀምጥላቸው ነበር። እኔ በበኩሌ፣ እውነቱን ልናገርና፣ እስከ ሦስተኛው ቀን ድረስ ስሙን አልያዝሁም ነበር። በደረቱ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ግን አላነበብሁትም።

እናቴ ግን ከመጀመሪያው ጧት ጀምሮ አልጋዋን ራሷ ታነጥፍ ነበር። «ጎልማሳ ሰው አልጋዬን ሲያነጥፍልኝ እንዴት ቁጭ ብዬ አያለሁ?» ትላለች። ሰውዬው በሁለተኛው ቀን እየተሽኮረመመ ወደ እኔ መጣና፣ እናቴ ይህን እንድትተው እንድለምናት ነገረኝ። ምክንያቱን ብጠይቀው፣ ሥራውን የሚቈጣጠር አለቃ እንዳለውና፣ ክፍሉ በእርሱ እጅ እንዳልተሰናዳ ከታወቀ ሥራውን ንቆ የተወ እንዳይመስልበት እንደሚፈራ አስረዳኝ። ከዚህ አንድ ትምህርት አገኘሁ። ሰውን ማክበር ማለት ሥራውን ከእጁ መንጠቅ ማለት አይደለም። ሰው በሥራው አይዋረድም፤ የሚያዋርደው ሥራውን የሚያዩበት ዐይን ነው።

እናቴም ነገሩን በሰማች ጊዜ አልጋዋን ተወች፤ ነገር ግን ሌላ መንገድ ፈለገች። ዐሥር ዓመት የሆናትን ልጄን አስተርጓሚ አድርጋ፣ ሰውዬው ሊሠራ በመጣ ቍጥር ትጠይቀው ጀመር። «ልጄ፣ እናትህ አሉ? ልጆችስ ወልደሃል?» አለችው። አምስት ዓመት የሞላት ሴት ልጅ እንዳለችው ነገራት። የሥራው ውል ዘጠኝ ወር ነው፤ በዘጠኙ ወር ውስጥ ሙሉ የዕረፍት ቀን የለውም። ውሉ ሲያልቅ ሁለት ወር ያህል ወደ አገሩ ይሄድና ተመልሶ ይመጣል። ልጁ ከተወለደች ጀምሮ አብሯት የኖረበት ጊዜ ቢደመር አንድ ዓመት አይሞላም። እናቴ ይህን ስትሰማ ፊቷን አዞረች።

ፊቷን ያዞረችበትን ምክንያት የማውቀው እኔ ነኝ። ታላቅ እህቴ ከዐረብ አገሮች በአንዱ ከተማ በሰው ቤት ዐሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ስትሄድ የሁለት ዓመት ወንድ ልጅዋን ለእናቴ ትታላት ሄደች። ልጁ እናቱን ያወቃት በፎቶግራፍና በስልክ ድምፅ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በመጣች ጊዜ፣ እጇን ዘርግታ ስትጠራው ከአያቱ ቀሚስ ጀርባ ተሸሸገ። እህቴ ያን ቀን አላለቀሰችም፤ ማታ ግን ምግብ አልቀመሰችም። እኔ የተማርሁት በእርስዋ ገንዘብ ነው። አሜሪካ ለመግባት የበቃሁትም በእርስዋ ገንዘብ በተከፈለው ትምህርት ነው። እንግዲህ ያን መርከብ የተሳፈርሁበት ዋጋ መሠረቱ እህቴ የሌላ ሰው ልጅ አዝላ የሠራችው ሥራ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ የጥያቄውን ክብደት እዚህ ላይ ተመልከት። የእኔ ቤተሰብ በአንድ ገበታ ለሰባት ቀን እንዲሰበሰብ የሌላው ቤተሰብ ለዘጠኝ ወር ይበተናል። የእኔ ልጅ በፎጣ በተሠራው ዝሆን ስትስቅ፣ ዝሆኑን የሠራው ሰው ልጅ በሌላ አገር አባቷን በስልክ ትጠይቃለች። ይህ ነገር ኃጢአት ነውን? ኃጢአት ከሆነስ የማን ነው?

አንዳንድ ሰዎች፣ «ወዶና ፈቅዶ የመጣ ሰው ነው፤ ማንም አላስገደደውም፤ ባገሩ ከሚያገኘው የበለጠ ያገኛል፤ እንግዲህ ምን ዕዳ አለብኝ?» ይላሉ። ይህ ክርክር ግማሹ እውነት ነው። እህቴም ወዳ ነው የሄደችው፤ ያላክችው ገንዘብም ቤት ሠርቷል፤ እኔን አስተምሯል። ነገር ግን «ወደደ» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። ሁለት መንገድ የቀረበለት ሰው አንዱን ሲመርጥ ወደደ ይባላል። አንድ መንገድ ብቻ የቀረለት ሰው ግን ያንኑ ሲሄድበት ቻለ እንጂ ወደደ አይባልም። ችግር የገፋውን ሰው፣ «በፈቃድህ ነው የመጣኸው» ብሎ ከዕዳ ነፃ ለመሆን መሞከር፣ በጐርፍ የተወሰደውን ሰው «መዋኘት ትወዳለህ» እንደ ማለት ነው።

ሌሎች ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደው፣ «እንዲህ ከሆነ ጨርሶ መሳፈር አይገባም» ይላሉ። የእነዚህን ልብ አከብራለሁ፤ ፍርዳቸውን ግን አልከተልም። እህቴን የቀጠሯት ሰዎች፣ «አንቺን ማሠራት ግፍ ነው» ብለው አሰናብተዋት ቢሆን ኖሮ ልጅዋ ምን ይበላ ነበር? ከሰው ድካም መራቅ ሰውን መርዳት አይደለም። እጅን አጥቦ መቀመጥ ለሚታጠበው ሰው ደስ ያሰኘዋል እንጂ ለተራበው እንጀራ አይሆነውም። ስለዚህ ጥያቄው መሄድና አለመሄድ ሳይሆን፣ ሄዶ እንዴት መሆን ነው።

ለዚህ የመጀመሪያው መልስ ሕግ ነው። በ2006 የወጣውና በነሐሴ ወር 2013 በሥራ ላይ የዋለው የባሕር ሠራተኞች ዓለም አቀፍ ስምምነት ለመርከብ ሠራተኛ የሥራና የዕረፍት ሰዓት ወሰን ሰጥቷል። በሰዓት ልኩ መሠረት ከ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ ዐሥሩ፣ በሰባት ቀንም ውስጥ ቢያንስ 77 ሰዓት ለዕረፍት መተው አለበት። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ቍጥሩን ገልብጣችሁ አስቡት፤ በሳምንት ሰባ ሰዓትና ከዚያም በላይ ማሠራት አልተከለከለም ማለት ነው። ደግሞም ብዙዎቹ መርከቦች የባለቤቶቻቸውን አገር ባንዲራ አይሰቅሉም። ጽሕፈት ቤቱ በአሜሪካ የሆነ ኩባንያ መርከቡን በባሐማስ ወይም በፓናማ ያስመዘግባል፤ ከዚህም የተነሣ የአሜሪካ የደመወዝ ሕግ ለሠራተኛው አይደርስለትም። ሕግ እግር አለው፤ ባሕር ላይ ግን እንደ መሬቱ አይራመድም። ሕግ በማይደርስበት ስፍራ የሚቀረው ኅሊና ብቻ ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። በእነዚህ መርከቦች ብዙዎቹ ላይ ለሠራተኞቹ የሚሰጥ ገንዘብ ለእያንዳንዱ እንግዳ በየቀኑ በሒሳቡ ላይ ይደመራል። በእኛ መርከብ ለአንድ ሰው በቀን 18 ዶላር ነበር። አምስት ሰው በሰባት ቀን 630 ዶላር ማለት ነው። ይህን ገንዘብ እንግዳው መክፈል ካልፈለገ ወደ እንግዶች ጉዳይ ጠረጴዛ ሄዶ ማሰረዝ ይችላል። በመጨረሻው ማታ ሒሳቤን ባየሁ ጊዜ ልቤ ደነገጠ። ለፎቶግራፍ፣ ለመጠጥ፣ ልጆቹ በየወደቡ ለተመኙት ነገር ያላሰብሁትን ያህል አውጥቼ ነበር። ያን ጊዜ ኅሊናዬ ተንኰል ይፈልግ ጀመር። «የመርከቡን ዋጋ ከፍለሃል፤ ሠራተኛውን መክፈል የኩባንያው ግዴታ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ የለመንኸውን ብርድ ልብስ ሳያመጣ ቀርቷል» አለኝ። ሰው ክፉ ነገር ሊሠራ ሲነሣ ሁልጊዜ አንድ ብርድ ልብስ አያጣም።

ሄጄም ከሰልፉ ቆምሁ። እናቴና ልጄ በአጠገቡ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። እናቴ፣ «ይህ ሰልፍ የምንድን ነው?» ብላ ልጄን ጠየቀቻት። ልጄ ከፊቴ የቆመው ሰው ለጠረጴዛው ሠራተኛ የሚናገረውን ሰምታ ኖሮ፣ ምንም ሳታስብ፣ «ለሠራተኞቹ የሚሰጠውን ብር የሚያስቀሩ ሰዎች ሰልፍ ነው» አለቻት። እናቴ አልተቈጣችም። ቀስ ብላ ወደ እኔ ቀረበችና፣ «እህትህን የአራት ወር ደመወዟን የከለከላት ሰውዬም እንዲሁ ምክንያት ነበረው፤ ሳሕን ሰበረች ብሎ ነበር» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ከሰልፉ ወጣሁ። ወጣሁ ብዬ ግን ራሴን አላመሰግንም። ዕዳውን የከፈለ ሰው ቸር አይባልም፤ ሌባ አለመሆኑ ብቻ ነው የታወቀው። ይልቁንስ ያን ሌሊት ስለ አንድ ቃል አሰብሁ። እኛ በቋንቋችን እንዲህ ያለውን ገንዘብ «ጉርሻ» እንለዋለን። ጉርሻ የፍቅር ነገር ነው፤ ሰጪው ወዶ ይሰጣል፤ ተቀባዩም አፉን ከፍቶ በምስጋና ይቀበላል፤ ካልተሰጠውም አይከስም። በመርከቡ ላይ ግን የሠራተኛው ኑሮ በዚሁ ገንዘብ ላይ ተመሥርቷል። እንግዲህ ስሙ ጉርሻ ነው፤ ባሕርዩ ግን ደመወዝ ነው። ደመወዝን ጉርሻ ብሎ የሚጠራ ሰው ዕዳውን ወደ ስጦታ ለወጠ፤ ሲከፍል ቸር ሆኖ ይታያል፤ ሲከለክል ደግሞ በደለኛ አይመስልም። ብዙ ግፍ የሚሠራው በእጅ ሳይሆን በስም አጠራር ነው።

«ደመወዙን ኩባንያው ይክፈል» ማለት ትክክለኛ ክርክር ነው። ተከራከር፤ ጻፍ፤ ሕግ እንዲወጣ ጠይቅ። ነገር ግን ከጌታው ጋራ ያለህን ሙግት ከአገልጋዩ ኪስ አታስከፍለው። አንተ በሰልፉ ቆመህ ያስቀረኸው ገንዘብ የኩባንያውን ጠባይ አያርመውም፤ የአንዲት ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ግን ሊያጐድል ይችላል።

አገልጋይን የሚንቅ ሰው የሚስተው ሌላም ነገር አለ። መርከቡ ከመነሣቱ በፊት እንግዳው ሁሉ አደጋ ቢደርስ ወዴት እንደሚሄድ ይማራል። ያን ጊዜ የነፍስ አድን ሰደርያ አለባበስ የሚያሳየን አልጋችንን የሚያነጥፈውና ወጥ የሚያቀርብልን ሰው ነው። በጥር 13 ቀን 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለችው መርከብ በኢጣልያ በጂልዮ ደሴት አጠገብ ከዐለት ጋራ ተጋጭታ በተገለበጠች ጊዜ 32 ሰዎች ሞቱ። ካፒቴኑ ሰዎች በመርከቡ ላይ ቀርተው ሳሉ ወርዶ ተገኘ፤ በኋላም 16 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ዝቅ ባለ ሥራ ላይ ከነበሩት ሠራተኞች መካከል ግን በጨለማ ሰው ወደ ጀልባ ሲያወርዱ ያመሹ ነበሩ። በየካቲት ወር 2020ም ዳይመንድ ፕሪንሰስ በዮኮሃማ ወደብ በወረርሽኝ ምክንያት ታግዳ ስትቆም፣ እንግዶቹ በየክፍላቸው ተዘግተው ሲቀመጡ ሠራተኞቹ ግን በየደጃፉ ምግብ ያደርሱ ነበር። በመርከቢቱ ላይ ከነበሩት 3,711 ሰዎች ከ700 በላይ በበሽታው ተያዙ፤ ከሠራተኞቹም የተያዙ ብዙዎች ናቸው። እንግዲህ በደኅና ቀን ስሙን ያልጠየቅኸው ሰው በክፉ ቀን ነፍስህ በእጁ ላይ ናት።

የሚያሳርፈን ሰው በመርከቡ ላይ ያለው ብቻ አይደለም፤ በወደቡ ያለውም ነው። በሄይቲ ሰሜን ጠረፍ ላባዲ የተባለ፣ አንድ የመርከብ ኩባንያ ተከራይቶ በአጥር የከለለው የባሕር ዳር መዝናኛ አለ። በጥር 12 ቀን 2010 በሄይቲ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆኖ እጅግ ብዙ ሕዝብ አለቀ። ከሦስት ቀን በኋላ የሽርሽር መርከብ በላባዲ ቆመ። ከእንግዶቹ አንዳንዶቹ ወርደው ዋኙ፤ አንዳንዶቹ ግን፣ «በዚህ አገር ሬሳ ገና አልተነሣም፤ እኛ እንዴት ሥጋ ጠብሰን እንበላለን?» ብለው ከመርከቡ አልወረዱም። ኩባንያው መርከቡ የእርዳታ ምግብና ውኃ እንዳመጣ፣ ከጕብኝቱ የሚገኘውም ገንዘብ ለተጐዱት እንደሚሰጥ ተናገረ። በአጥሩ ውስጥ የሚሠሩት የአገሩ ሰዎችም መርከቡ ባይመጣ የዕለት እንጀራቸውን ያጡ ነበር።

ማን ትክክል ነበር? በእኔ አስተያየት መርከቡ መምጣቱ ጥፋት አልነበረም፤ ባዶውን ከመቅረት ጭኖ መምጣት ይሻላልና። ጥፋቱ ያለው ወደ አጥሩ ባለማየት ነው። የወረደና በልቶ የጠጣ ሰው፣ ከአጥሩ ወዲያ ምን እንዳለ እያወቀ ያለውን ያካፈለ እንደ ሆነ አልነቅፈውም። ያልወረደውንም ሰው በመርከቡ ላይ ተቀምጦ ያንኑ ጥብስ በልቶ፣ «እኔ አልወረድሁም» ብሎ የተመጻደቀ እንደ ሆነ አላመሰግነውም። በአጥር የሚከለል ዕረፍት ሁሉ እንዲህ ያለ ፈተና አለበት፤ አጥሩ የሚከልለው ድኻውን ከእኛ ብቻ አይደለም፤ እኛንም ከራሳችን ልብ ይከልለናል።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። ለሚያሳርፈን ሰው ያለብን ዕዳ ሦስት ነው ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያው ዋጋው ነው፤ ሳይጐድል፣ ሳይዘገይ፣ ያለ ምክንያት መከፈል አለበት። ሁለተኛው ስሙ ነው፤ ስምህን ያጠናውን ሰው ስሙን ሳታውቅ መለየት ነውር ነው። ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ ይኸውም አገልግሎቱ የተፈጥሮ መብታችን እንዳልሆነ ማወቅና ለልጆቻችን ማስተማር ነው። በሰባት ቀን ውስጥ ልጄ አንሶላዋ በራሱ የሚነጠፍ መስሎ እንዲታያት ማድረግ እችል ነበር። ያዳናት አያቷ ናት፤ በየጧቱ ቆማ ስለ ሰውዬው ልጅ እንድትጠይቅ አድርጋታለችና።

በመጨረሻው ጧት ስንወርድ እናቴ ከአገር ቤት ይዛው የመጣችውን ነጭ ነጠላ አጥፋ ለሰውዬው ሰጠችው። «ለልጅህ እናት ስጣት፤ እኔም ያንተን ዐይነት ልጅ ልኬ አውቃለሁ በላት» አለች። ልጄ ተረጐመችለት። እርሱም ነጠላውን በሁለት እጁ ተቀበለ። ያ ነጠላ ጉርሻ ነበር፤ ምክንያቱም ዕዳው አስቀድሞ ተከፍሏል።

ወጣቶች ሆይ፣ መርከቡ ከደጃፋችሁ ቆሟል ብዬ ነበር። ብዙዎቻችሁ በባሕር ላይ አትሄዱ ይሆናል። ነገር ግን እናንተ ገና በእንቅልፍ ሳላችሁ ተነሥታ ሻይ የምታፈላ፣ ልብሳችሁን የምታጥብ፣ ከገጠር የመጣች ልጅ በቤታችሁ የለችምን? እናንተ ትምህርት ቤት ስትሄዱ እርስዋ ቤት ትጠብቃለች፤ እናንተ ስታጠኑ እርስዋ ሳሕን ታጥባለች። የራሷን ስም ታውቃላችሁ፤ የአባቷንስ ስም ታውቃላችሁን? የወጣችበትን መንደር፣ ትታቸው የመጣችውን ታናናሾቿን ጠይቃችኋት ታውቃላችሁን? ማታ ትምህርት ቤት መሄድ ብትፈልግ ሰዓቱን የሚለቅላት ማን ነው? ደመወዟስ ወሩ ሲያልቅ ይሰጣታል ወይስ በሳሕን ምክንያት ይያዛል?

ከእህቶቻችን አንዷ በባዕድ አገር ስትበደል ስንሰማ ሁላችን እንቈጣለን፤ ቍጣውም ተገቢ ነው። ነገር ግን የሩቁን ጌታ የሚቈጣ ሰው አስቀድሞ የራሱን ቤት ይመርምር። በዚያ የምንጠላው ነገር በዚህ የምንሠራው ከሆነ ቍጣችን ለፍትሕ ሳይሆን ለወገን ብቻ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ዕረፉ፤ ዕረፍት ለሰው ልጅ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ስታርፉ ዐይናችሁን ከፍታችሁ ዕረፉ። የሚያሳርፋችሁን ሰው ፊት ተመልከቱ፤ ስሙን ጠይቁ፤ ዋጋውን ክፈሉ። ይህን ያደረገ ሰው ከዕረፍቱ ሲመለስ ሰውነቱ ብቻ ሳይሆን ኅሊናውም አርፎ ይመለሳል።